ቀስተ ደመና ያለበት ፖስታ

ሰኞ፣ ኤፕሪል 1

አዲስ ደብተር። የገዛችልኝ ኮራሊ ናት፤ «ማታ ማታ እኔን ከምትነዘንዢ እሱን ነዝንዢው» ብላ። ሽፋኑ ላይ በቀቀን አለ። እኔን እንደሚመስል ነግራኛለች፣ ምስጋና ይግባት።

ዛሬ አለቃችን ዳሚየን ስብሰባ ጠርቶ ዓመቱን ሙሉ ሲያስፈራራን ለከረመው ነገር ቀን ቆረጠለት። ሜይ 28 ሁለት ገምጋሚዎች ከሜልበርን ይመጣሉ። የኩንዳራ ጤና ጣቢያ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን፣ ጾታቸውን የለወጡትን፣ በአጠቃላይ ያ ረጅም ምህፃረ ቃል የሚያካትታቸውን ሰዎች ሁሉ ሳያሸማቅቅ ማስተናገድ መቻሉን መርምረው ወይ እውቅና ይሰጡናል ወይ ይነሱናል። መስፈርቱ ስድስት ነው፣ ለእያንዳንዱ ማስረጃ ይፈለጋል። ማህደሩን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። የጥራት ክፍል ማለት እኔና ማተሚያው ነን፤ ማተሚያውም ታሟል።

እራት ላይ ለኮራሊ ስነግራት ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«አንቺ ነሽ የምታዘጋጂው?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ምኑ እንዳሳቃት አልገባኝም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 4

ለዚሁ ግምገማ ሥልጠና ነበር። እንግዳ መቀበያ የምትቀመጠው ግዌን እጇን አውጥታ «እኔ በሩን ከፍቶ የመጣውን ሁሉ የኔ ፍቅር ነው የምለው፤ ከዚህ በላይ ምን ልበል?» አለች። ሠላሳ ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፣ ደግሞም እውነቷን ነው።

ቤት ለቤት እየዞረች ቁስል የምታጥበው ሴላ ግን ተነስታ ቆመች። «እኔ እሁድ እሁድ መዘምራን ውስጥ ነኝ» አለች። «ፓስተራችን በዚህ ጉዳይ የሚለውን ታውቃላችሁ። እኔ ሰው ቤት ስገባ የማየው ቁስሉን ነው። ይህ ይበቃል ወይስ አይበቃም?»

አሠልጣኟ «ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ የማን ነው ብለሽ ትጠይቂያለሽ?» አለቻት።

«ኧረ እንዴታ! እኛ የቶንጋ ደሴት ሰዎች እሱን ሳንጠይቅ ወንበር ላይ አንቀመጥም።»

ሳቅን። ሴላ ግን ከልቧ ነበር የጠየቀችው፣ ከልብ የመለሰላት ሰውም አልነበረም።

ግዌን የሠራተኛውን ሁሉ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ፎርም እንደ አዲስ እያስሞላች ነው። የኔ የቆየው ይበቃል ብዬ መለስኩላት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 9

ከሴላ ጋር ቤት ለቤት ዞርኩ፤ ማህደሩ «የደንበኞች ድምፅ» ይፈልጋል።

የመጨረሻው ቤት የአቶ ክላሪ ቦይል ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን የጨረሱት ብርቱካን ማሸጊያ መጋዘን ውስጥ ነው። ግራ እግራቸው ላይ ያለው ቁስል ከገና ወዲህ አልድን ብሎ ሴላ በሳምንት ሦስት ቀን ታጥብላቸዋለች። አብረዋቸው የሚኖሩት አቶ ሌን ሃርግሬቭ ሰማንያ አራት ናቸው፤ ድሮ አስተማሪ ነበሩ፣ አሁን መርሳት ይዟቸዋል። ክላሪ ናቸው የሚያበሏቸው፣ የሚያለብሷቸው፣ መድኃኒታቸውን የሚሰጧቸው። ቁስሉ አመርቅዞ ክላሪ ሆስፒታል የገቡ ቀን ሌን ከዚህ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው የአረጋውያን ቤት ይወሰዳሉ፤ ሐኪሙ በግልጽ ነግሯቸዋል። በመዝገባችን ሌን «የአጎት ልጅ» ተብለዋል።

ሁለቱ ወንበሮች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ አንድ ብርድ ልብስ ሁለቱንም ይሸፍናል። ሴላ ፋሻውን ስትፈታ ሌን የክላሪን እጅ ያዙ። ክላሪ ቀና ብለው አዩኝና እጃቸውን ሳብ አደረጉ።

«የአጎቴ ልጅ እንዲህ ነው። ያገኘውን እጅ ይይዛል።»

«የማን አጎት?» አሉ ሌን።

ሴላ አንገቷን ደፋች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መኪና ውስጥ «ቤቱ ያለው አልጋ አንድ ነው» አለችኝ። «ሌላው ክፍል የቲማቲም ችግኝ ነው የሞላበት።»

«ታዲያ ምንም አላልሻቸውም?»

«እሳቸው ሲሉኝ እላለሁ።»

አንጀቴን በሉት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው የአጎት ልጅነት! በዚህ ዘመን ማን ምን ይለኛል ብለው ነው? ሰው እንዴት ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ይኖራል?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 11

ማህደሩ አራተኛ መስፈርት ላይ ባዶ ነው። በመዝገባችን ስንት የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች አሉ? ዜሮ። አራት ሺህ ደንበኛ፣ ዜሮ። ገምጋሚዎቹ ይስቁብናል።

የክላሪን ገጽ ከፈትኩ። «የአጎት ልጅ» የሚለውን አጠፋሁና «የሕይወት አጋር» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ለደብተሬ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ከጋብቻ ሕጉ በኋላ፣ አገሩ ሁሉ ለዚያ ሕግ ድምፅ ከሰጠ በኋላ፣ ቢያንስ እኛ ዘንድ በትክክለኛ ስማቸው ይጠሩ። ሳያውቁት የተሰጣቸው ስጦታ ነው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 13

እግር ኳስ፣ የኛው የአውስትራሊያው ዓይነት። በአሥራ ሁለት ጎል ተሸነፍን፣ ብርዱ ደግሞ ለጉድ ነው። ሜዳው ዳር ኮራሊ እጇን ኪሴ ውስጥ ከታ እጄን ያዘች። መሐረብ የምፈልግ መስዬ አወጣሁት። የሚያውቁን ጆንሰኖች ከኋላችን ተቀምጠው ነበር።

እረፍት ላይ፣ ኬክ የምትሸጠዋ ሴትዮ ስለ ሐሞት ጠጠሯ ስታወራ፣ ኮራሊ የተለመደውን ወሬዋን አመጣች፤ የዛሬ ሁለት ዓመት እኔ ቀዶ ጥገና ስገባ እሷ የምትነዳውን የተማሪ ባስ ሆስፒታሉ ደጃፍ አቁማ አምስት ሰዓት ሙሉ መቀመጧን። «ለቤተሰብ ብቻ አሉኝ!» እያለች ሰውን ታስቃለች። «እኔም ባሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ የልጆቹን የተረሳ ብስኩት ጨረስኩት!»

ወሬ አስቀየርኩ። ሁልጊዜ አስቀይራለሁ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ሩጫ። መጸዳጃ ቤቶቹ አዲስ ምልክት። ፖስተር፤ አንዱ ተገልብጦ ተለጥፏል። ግዌን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ዓርማ በሆነው በቀስተ ደመና ስም ለምናደርገው የሻይ ግብዣ ለደንበኞች ደብዳቤ እያወጣች ነው፣ ስሙንና ዝምድናውን ኮምፒዩተሩ ራሱ ከመዝገቡ ይለቅማል። ፖስታዎቹን ራሷ መርጣ አሳትማለች፤ ቀስተ ደመናው ከዳር እስከ ዳር። «አያምርም?» አለችኝ። ያምራል አልኳት። አላየሁትም።

ዓርብ፣ ሜይ 3

ሴላ ከክላሪ ቤት ፋሻዋን እንደያዘች ተመለሰች። በሩ ተዘግቷል። በመስኮት «ከእንግዲህ አትምጪ፤ ጤና ጣቢያችሁን አልፈልግም» ብለዋታል። እሷን! ቲማቲም አሽገው የሚሰጧትን ልጅ!

የሆነው ይህ ነው። ፖስተኛው ያንን ፖስታ ተሳስቶ ለጎረቤት ይሰጣል። ጎረቤቱ ለደግ ብሎ ሽማግሌዎቹ ሣር ላይ ኳስ እስከሚያንከባልሉበት የቦውልስ ክበብ ድረስ ይወስድላቸዋል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ጮክ ብሎ ያነበዋል፦ «ለአቶ ክላሪ ቦይልና ለሕይወት አጋራቸው ለአቶ ሌን ሃርግሬቭ!»

ማንም ክፉ አልተናገረም አሉ። እንዲያውም አንዱ ቢራ ገዛላቸው። ክላሪ ግን ቢራውን ሳይነኩ ሌንን ክንዳቸውን ይዘው ወጡ።

ማታ ኮራሊ «ምን ሆንሽ፣ ምግብ ታገላብጫለሽ» አለችኝ። ማተሚያው ነው አልኳት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 7

ዳሚየን እያጣራ ነው። አንድ ሰው መዝገቡን ለውጧል። ፖስታውንም አንድ ሰው መርጧል። ሁሉም ግዌንን ነው የሚያየው።

እውነቱን ለመናገር ፖስታውን የመረጠችው እሷ ናት። ነጭ ፖስታ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቱ ምን ያውቃል?

ረቡዕ፣ ሜይ 8

ግዌን ዕቃ ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። «እኔ እኮ እንዲያምር ብዬ ነው» ትላለች፤ የምታወራው ለወረቀት ክምር ነው። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ ተመልሼ ሄድኩ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ፣ ሜይ 9

ሴላ ጠዋት መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠች። ክላሪ በሩን ከዘጉባት ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ያ ቁስል ይህን ያህል ቀን ሳይታጠብ ከቆየ ምን እንደሚሆን በዝርዝር ነገረችኝ፤ እዚህ አልጽፈውም። «ክላሪ ሆስፒታል ከገቡ ሌንን ይወስዷቸዋል» አለች። «ሌን ደግሞ ክላሪን አጥተው አንድ ወር አይቆዩም። ሬይሊን፣ እኔ ያንን መዝገብ ማን እንደነካው አልጠይቅሽም።»

አልጠየቀችኝም፤ አየችኝ ብቻ።

የሠራተኛ ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። እኔ ነኝ አልኩ። ክላሪን ሳልጠይቅ፣ ማህደሬ እንዲያምር ብዬ። ግዌን ሦስት ቀን ስታለቅስም ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም ብያለሁ አልኩ።

ዳሚየን ጣሪያውን አየ። ግዌን ተነስታ ወደ እንግዳ መቀበያዋ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሻይ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፤ ግማሹ ወተት ነው። ወተት እንደማልወድ ከማንም በላይ ታውቃለች። አንድ ጠብታ ሳላስቀር ጠጣሁት፤ ቆማ እያየችኝ። «በቃ» አለችና ኩባያውን ወሰደች።

እሁድ፣ ሜይ 12

ክላሪ ቤት ሄድኩ። የእንጨቱ በር ተከፈተ፣ የሽቦ ወንፊቱ እንደተዘጋ ነው። ከወንፊቱ ወዲያ ጥላቸው ብቻ ነበር የሚታየኝ።

«ክላሪ፣ ሬይሊን ነኝ፣ ከጤና ጣቢያ።»

«በደብዳቤ ጻፊልኝ። መንደሩ ያነብልኛል።»

ይገባኛል። መዝገቡን የለወጥኩት እኔ ነኝ፣ ግዌንም አይደለችም፣ ሴላም አይደለችም አልኳቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሂጂ ሊሉኝ ነው ስል ማውራት ጀመሩ።

«ድሮ፣ ሌላ ከተማ ሳለን፣ ሌን እንቅልፍ እምቢ ብሎት ሐኪም ጋ ሄደ። ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲረዳው ብሎ ካርዱ ላይ ጻፈው። ካርዱን ጸሐፊዋ አነበበችው። ወሩ ሳያልቅ ሌን አስተማሪ አልነበረም። ያኔ እንዲህ መሆን ወህኒም ያስገባ ነበር፣ ተረፍን። እዚህ ስንመጣ የአጎት ልጅ ሆንን። ስሙን ያወጣው እሱ ነው፤ መንገድ ላይ እየተለማመደው ነው የመጣው። አሁን ረሳው። እኔ ለሁለታችንም አስታውሳለሁ።»

«ክበቡ ውስጥ ማን ምን አለዎት?»

«ምንም። ጨበጡኝ። ቢራ ገዙልኝ። አንድ ቀን ምናልባት ራሴ እነግራቸው ነበር፤ ቃሉንም መርጬ፣ ቀኑንም መርጬ። የኔ ነበር እኮ! ሌላ የኔ የምለው ብዙ ነገር የለኝም። አንቺም እንደ ሐኪሙ ነሽ፣ ለደግ ብለሽ ነው የጻፍሽው።»

ቆምኩ። በወንፊቱ በኩል የቁስሉ ሽታ ይመጣል። ሴላን ያስገቧት ብዬ ለመንኳቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ያቺ ባስ የምትነዳዋ ልጅ፣ ኮራሊ። መሥሪያ ቤትሽ ወረቀት ላይ ምን ብለሽ ጻፍሻት?»

ዓይኔን ወደ ጫማዬ መለስኩ።

«እንግዲህ» አሉና የእንጨቱን በር ዘጉት።

ሰኞ፣ ሜይ 13

ልጻፈው። ከጻፍኩት ማምለጫ አይኖረኝም።

ኮራሊ ቤት ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ፎርሙ ላይ የጻፍኩት «አከራይ» ነው። ቤቱ በስሟ ስለሆነ ውሸት አይደለም ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፣ ራሴም አምኖኛል።

ዛሬ ወጥ ቤት ሆና በለስ ለማርማላታ ስትቀቅል ነገርኳት። ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች።

«ምን ብለሽ?»

«አከራይ።»

ከት ብላ ሳቀች። «አከራይ! ታዲያ ተከራይ ሆነሽ ነው ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብሴን የምትገፊኝ? ቆይ፣ ከነገ ጀምሮ ሳሎን ነሽ! ውሻም አይፈቀድልሽም!» ውሻው ስሙን የሰማ መስሎት ተነሳ። እኔም ሳቅኩ፤ አለቀ፣ ቀለለልኝ ስል ሳቋ ቆመ።

«ሬይ። ያኔ ሆስፒታል ስትገቢ። ከጤና ጣቢያ የላኩት ያንን ወረቀት ነበር?»

«አዎ።»

«ለቤተሰብ ብቻ ያሉኝ ለዚያ ነው?»

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር?»

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ወሬ ሰውን ስታስቅ ከጎኗ ቆሜ ነበር። አዎ አልኳት።

ምድጃውን አጠፋች። እጇን በፎጣ ጠረገች፣ ጣት በጣት። ወጥታ ግቢ ውስጥ የቆመው ባስ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችው።

በመስኮት አየኋት። መሪው ላይ እጇን አድርጋ ፊት ለፊት ታያለች፤ የሚነዳ ሰው ትመስላለች። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሊሆን ሲል ያንን የተጣላንበትን ብርድ ልብስ ይዤ ወጣሁና መስተዋቱን አንኳኳሁ።

«ለቤተሰብ ብቻ ነው» አለች ዞር ሳትል።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ኮራሊዬ፣ አውቃለሁ።» እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ጎረቤቱ ይስማ አይስማ ግድ አልሰጠኝም።

በሩ ፉሽ ብሎ ተከፈተ። ከሾፌሩ ጀርባ ያለችው፣ የሚያስመልሳቸው ልጆች የሚቀመጡባት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «በጣም ነው የበረደኝ ያን ቀን» አለችኝ። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

ሐሙስ፣ ሜይ 16

ኮራሊ ልጆቹን ትምህርት ቤት ካደረሰች በኋላ በባሱ ክላሪ ደጃፍ ወሰደችኝ። በዚያ ማዕዘን ስታልፍ ሁልጊዜ ሁለቴ ጡሩምባ ትነፋላቸዋለች፤ ዛሬም ነፋች። የእንጨቱ በር ተከፈተ። ክላሪ በአንድ እግራቸው ተደግፈው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

መግቢያ የሚሆን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ።

«አከራይ ብዬ ነው የጻፍኳት» አልኩ።

ኮራሊ ከጎኔ ማርማላታውን ታቅፋ ቆማለች።

«ምን?»

«አከራይ። ሃያ ሁለት ዓመት።»

መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ክላሪ እየሳቁ ነበር። የበሩን ጠርዝ ይዘው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ። «አከራይ! ኧረ በፈጣሪ! የአጎት ልጅ ይሻላል እኮ!»

«በጣም ነው የሚሻለው» አለች ኮራሊ።

ከውስጥ የሌን ድምፅ መጣ፦ «ማነው?»

«አከራይና ተከራይ ናቸው፣ ሌን! ሻይ ሊጠጡ መጡ!» አሉና የወንፊቱን መንጠቆ አነሱት።

ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ሴላ ጋ ደወልኩ። ለካስ ወተት ልግዛ ብላ መንገዱ ማዶ ሱቅ ደጃፍ መኪናዋን አቁማ ተቀምጣለች፤ በሦስት ደቂቃ ደረሰች። ክላሪን አልተቆጣችም። ተንበርክካ አጠበችላቸው፤ የመዘምራኑን መዝሙር እያንጎራጎረች። ሌን የክላሪን እጅ ያዙ። ክላሪ ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ኮራሊን አዩ። እጃቸውን አልሳቡም።

ልንወጣ ስንል «መዝገቡን እንደነበረ መልሺው» አሉኝ።

እዚያው ፊታቸው ሆኜ ግዌን ጋ ደወልኩና አስመለስኩት። የአጎት ልጅ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 28

ገምጋሚዎቹ መጡ። ስህተቴን ስም ሳልጠራ የማህደሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ዳሚየን እንዳወጣው ሁለት ቀን ለምኖኛል።

አንደኛዋ ገምጋሚ መነጽሯን አውርዳ ጠየቀችኝ። «እውነት አለመሆኑን እያወቃችሁ መልሳችሁ ጻፋችሁት?»

«መዝገቡ የሳቸው ነው» አልኳት። «እኛ አስቀማጮች ነን።»

ጻፈችው። ምን ብላ እንደጻፈችው አላውቅም።

አሁን ግዌን ፎርሙን ለደንበኛው አዙራ እስክሪብቶውን ትሰጣለች። «ራስዎ ይሙሉት፣ የኔ ፍቅር። ማን እንዲያየው እንደሚፈልጉም ይጻፉ። ባዶ መተውም ይችላሉ» ትልና ፊቷን አዙራ ደጁን ታያለች። ለዚያች ሴት ሌላ ሰው የሚጽፈውን አለማየት ከጾም ይብሳል፣ ግን ታደርገዋለች። ፖስታው ነጭ ሆኗል።

የኔንም ሞላሁ። ኮራሊ፣ የሕይወት አጋር። ለግዌን ስሰጣት ደጁን ማየት ረስታ አነበበችው።

«እኛ እኮ ከ2001ዱ የገና ድግስ ጀምሮ እናውቃለን» አለች።

«ምን? ማን ነገራችሁ?»

«ማንም። እሷ ስትጨፍር አንቺ የምታያት አስተያየት ነዋ፣ የኔ ፍቅር።»

ይህን ሁሉ ዓመት የደበቅኩት ከማን እንደነበር እንጃ።

ዓርብ፣ ጁን 14

ውጤት መጣ። አራቱን መስፈርት አሟልተናል፤ ሁለቱ ቀርተዋል፣ የምስጢር አጠባበቅ አንዱ ነው። ለማስተካከል ስድስት ወር ተሰጠን። ዳሚየን ዋንጫ የተነጠቀ ይመስላል። ግዌን ግን ኮኮነት የተነሰነሰበትን ላሚንግተን ከነትሪው አወጣችው፤ «ኬክ ስድስት ወር አይጠብቅም» ብላ። ሴላ ሦስት በላች። ለክላሪና ለሌን ደግሞ ስድስት ጠቀለለች፤ ቁስሉ ማመርቀዙን ትቷል፣ ቆዳ ከተለጠፈለት ይድናል ብሏል ሐኪሙ። ሆስፒታል አንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚያድሩት፤ ሌንን የትም አይወስዷቸውም።

ሐሙስ፣ ጁን 20

ሆስፒታል ሄድን፤ ያው ሆስፒታል። ሁለቱንም በባስ ያመጣቻቸው ኮራሊ ናት። ሌን መንገዱን ሙሉ መቀመጫዎቹን ሲቆጥሩ ነበር፤ ተማሪ የጎደለ መስሏቸው።

ክላሪ ፎርሙን ተቀበሉ። ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደግፈው ብዙ ቆዩ። አጥፈው ለጸሐፊዋ ሰጧት። ማናችንም አልጠየቅንም። ከዚያ የሌንን ኮሌታ አስተካከሉና «ከነዚህ ጋር ጠብቀኝ» ብለዋቸው ገቡ።

ጠበቅን። ክፍሉ ሰው ሞልቶበታል፤ ከኩንዳራ የመጡ ሁለት የማውቃቸው ሰዎችም አሉ። ሌን በየአምስት ደቂቃው «ክላሪ የት ሄደ?» ይላሉ፣ ኮራሊ በየአምስት ደቂቃው እንደ አዲስ ትነግራቸዋለች።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ነርስ ወረቀት ይዛ ብቅ አለች።

«የአቶ ቦይል ቤተሰብ?»

ልነሳላቸው ስል ኮራሊ ጉልበቴን ተጫነችኝ። ሌን ራሳቸው ተነሱ፤ ቀጥ ብለው፣ ክፍል እንደሚገባ አስተማሪ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምናቸው ነዎት?»

የአጎት ልጅ የሚለውን ከረሱት ቆይተዋል፣ በምትኩ ደግሞ ያስጠናቸው የለም። ሌን ወለሉን አዩ፣ ነርሷን አዩ።

«የክላሪ ነኝ» አሉ።

ነርሷ ወረቀቷን አየች። «አዎ» አለች፣ «እሳቸውም እንዲሁ ነው የጻፉት፤ ሌን የኔ ነው ብለው። ይግቡ፣ ነቅተው እየጠየቁዎት ነው።»

ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

ኮራሊ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እኛን ስንት ሰዓት ያስጠብቁን ይሆን?» አለችኝ።

«አምስት ሰዓትም ቢሆን» አልኩና እጇን ያዝኩ። የኩንዳራዎቹ ሰዎች አዩን። አልለቀቅኩም።